ሁስና የምትተኛበት ክፍል

መጋቢት 3 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ቦንጋ

ዛሬ ሳላስበው ሹመት ደረሰኝ። ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ለገሰ ከጠዋቱ ሰልፍ በኋላ ቢሯቸው ጠርተውኝ፣ "መምህርት ሠናይት፣ የጋይዳንሱን ሥራ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ትይዢዋለሽ" አሉኝ። ይዞት የነበረው መምህር ወደ ሚዛን ተዛውሯል። "ቀለል ያለ ሥራ ነው። ከሕመምሽ ብዙም አላገገምሽም፤ ክፍለ ጊዜሽንም እንቀንስልሻለን" አሉ። ደኅና ነኝ አልኳቸው። ደኅናም ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ቆየሁ እኮ።

የተሰጠኝ ክፍል የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ነው። የተነፈሱ ኳሶች፣ የተበጠሰ መረብ፣ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የቆመ የጂምናስቲክ ፍራሽ። መስኮቱ ወደ ጫካው ያያል። በሩ ላይ "የምክር አገልግሎት" ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። ስለ ምክር የማውቀው ኮሌጅ ሳለሁ የወሰድኩትን አንድ ኮርስ ነው፤ ከሱም የቀረኝ ጥቂት ነው። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ልብ ስንት ክፍል አለው ቢሉኝ እመልሳለሁ።

ለሣህሌ ልንገረው ብዬ ደወልኩ፤ አልተነሣም። ጌሻ ውስጥ ደካ ግብርና ቢሮ ከተመደበ ወዲህ ባልና ሚስትነታችን በስልክ ሆኗል። ዝናቡ የጌሻን መንገድ አበላሽቶታል ይላል። እውነቱን ነው፤ ያበላሸዋል።

መጋቢት 6፣ ሐሙስ

አሥረኛ ሐ ውስጥ የፊዚክስ ፕላዝማ እየታየ ሳለ አንዲት ልጅ ወደቀች። ጎን ክፍል ስለነበርኩ በጩኸቱ ሮጬ ገባሁ። ግማሹ ተማሪ ዴስክ ላይ ወጥቷል። ልጅቷ ወለሉ ላይ ናት፤ ሻሿ ከራሷ ወርዷል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ግን ጥያቄ ሰጥቶ፣ መልሱን ራሱ ሠርቶ፣ ወደሚቀጥለው አልፏል። ላጥፋው ያለ ሰው አልነበረም።

ሁስና ትባላለች። የባለ ሱቁ የሻፊ ልጅ ናት። እናቷ ረውዳ ታኅሣሥ ላይ በወሊድ ሞተች፤ ሕፃኑ ተረፈ። በዚያ ቀብር ቦንጋ ውስጥ የቀረ ሰው የለም ይባላል። እኔ አልሄድኩም። ምን ሥራ እንደያዘኝ አሁን አላስታውስም።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ወባ የለባትም፤ ጥቂት ደም ማነስ አለ፣ ትብላ አሉ። ስንመለስ፣ "ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም ቲቸር። ሒሳብ እንዳያመልጠኝ።"

መጋቢት 10፣ ሰኞ

ሁለት ልጆች ወደቁ። እዚያው ክፍል። ከምሳ በኋላ ደግሞ አንዲት ከዘጠነኛ። ጩኸት። ወላጆች በር ላይ። ጠበል የያዙ እናት፤ ቁርኣን የሚቀራ ይግባልን የሚሉ አባት። ዘበኛው ከሁለቱም ጋር ተጣላ። እግሬ አብጧል። ምሳ አልበላሁም፤ ለነገሩ ጾም ነው።

መጋቢት 11፣ ማክሰኞ

ዛሬ ስብሰባ ነበር። አንዱ ጂን ነው አለ። አንዱ የፈተና ፍርሃት ነው አለ። አንዱ ደግሞ፣ "ማስመሰል ነው። አንድ ሁለቱን ብንቀጣ ያቆማሉ" አለ። አማርኛ የምታስተምረው ብርቄ፣ ከኮሌጅ ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፣ ብድግ ብላ፣ "ልጆቹን ምን ሆናችሁ ብሎ የጠየቀ አለ?" ስትል ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ጋይዳንሱ እኔ ነኝ ለካ።

ስብሰባው ሲያበቃ ጋሽ ለገሰ ለብቻዬ አስቀሩኝ። ከዞን ትምህርት መምሪያ ተደውሎላቸዋል። "የመጀመሪያዋ ልጅ እስከ ፈተናው ቤቷ ብትቆይ ሌሎቹ ይረጋጋሉ" አሉ።

"ቤቷ ምን እንዳለ ሳናውቅ?"

"ሠናይት፣ ግንቦት ደረሰ። ይሄ ነገር ቢዛመት መቶ ልጅ ነው የሚወድቅብኝ፤ በፈተናም፣ ወለል ላይም።"

ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ አልኳቸው። ራሳቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እሺ አሉ። ዓይናቸው ደም መስሏል። እሳቸውም እንቅልፍ የላቸውም መሰለኝ።

መጋቢት 13፣ ሐሙስ

ዛሬ ሁስና ራሷ መጣች። በሩን ከፍታ ቆመች። ግቢ አልኳት። እኔ ከኮርሱ ያስታወስኩትን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ፤ ምን ይሰማሻል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከማን ጋር ትጫወቻለሽ። ቁጭ አለችና ክፍሉን ዞራ አየችው።

"ቲቸር፣ ያ ፍራሽ የሰው ነው?"

"የስፖርት ነው።"

"ትንሽ ልተኛበት?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ኮርሱ ላይ አልነበረም። ፍራሹን ዘርግቼ አቧራውን አራገፍኩላት። ጫማዋን አውልቃ፣ ጎን ለጎን አስቀምጣ ተጋደመች። ዓይኗን ከመጨፈኗ በፊት፣ "ባዮሎጂ ልጠይቅዎት?" አለችኝ።

"ጠይቂ።"

"ሰው ደም ሲፈሰው፣ ከምን ያህል ጊዜ በኋላ ነው የማይድነው?"

ደስ አለኝ። ከትምህርቱ ጋር ያላት ነገር አልተቋረጠም ማለት ነው ብዬ። ጥሩ ጥያቄ ነው አልኳትና አስረዳኋት፤ ሰው ስንት ሊትር ደም እንዳለው፣ ሲጎድል ልብ ምን እንደምታደርግ፣ እንደ አፈሳሱ ፍጥነት እንደሚለያይ፣ ቶሎ እርዳታ ያገኘ ሊድን እንደሚችል። እስክጨርስ ሰማችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ተኛች።

የመውጫው ደወል እስኪደወል አልነቃችም። ሌላ ልጅ ሊገባ ሲል በሩ ላይ ቆሜ መለስኩት። እንዲህ ያለ እንቅልፍ አይቼ አላውቅም፤ ጣቶቿ እንኳ አልተንቀሳቀሱም።

መጋቢት 17፣ ሰኞ

ከሐሙስ ወዲህ የወደቀ የለም። ከሁስና ሌላ የወደቁትን ሦስቱን ለየብቻ አነጋገርኳቸው። አንዷ ከገጠር መጥታ ተከራይታ የምትኖር ናት፤ ቁርስ የላትም። አንዷ አባቷ ካላለፍሽ አትመለሺ ብሏታል። ሦስተኛዋ፣ "ሁስና ስትወድቅ ሳያት፣ እኔም ልክ እንደሷ ደክሞኝ እንደነበር ትዝ አለኝ" አለችኝ። ይሄንን ለጋሽ ለገሰ ነገርኳቸው። ሁስናን ፍራሹ ላይ እንዳስተኛኋትም ጨመርኩላቸው። "ትምህርት ቤት ውስጥ እንቅልፍ?" አሉና፣ "እንግዲህ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ይደረግ" ብለው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ሁስና ቤት ሄድኩ። ሱቁ ከገበያው በታች ነው። ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ላስቲክ ጫማ፤ ቤቱ ከጀርባው። ሁስና ሕፃኑን አዝላ ሩዝ ትለቅማለች፤ ደብተሯ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። አባቷ ጋሽ ሻፊ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ከሲታ፣ ጨዋ ሰው ናቸው።

"ይሄን ቤት ያቆመችው እሷ ናት መምህርት" አሉኝ። "ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ሌሊት ለልጁ ትነሣለች። አላህ ይስጣት። እናቷ ከሞተች ወዲህ አንድ ቀን አልቅሳ አላየኋትም።"

በኩራት ነው ያሉት። ሁስና ቀና አላለችም።

ሕፃኑ ሙዝደሊፋ ይባላል። ሁስና ወተት እስክታሞቅ ያዙልኝ አለችኝ፤ ያዝኩት። ራሱ የሕፃን ሳሙና ይሸታል። አውራ ጣቴን ጨበጠ። ብዙም አልቆየሁም። ስወጣ ሱቆቹ መብራት አብርተው ነበር።

መጋቢት 24፣ ሰኞ

ዛሬም ሄድኩ። ሁስና ሒሳቧን እንድትሠራ ልጁን ይዤላት ነበር። የጣሳ ወተት ወሰድኩ፤ ለሥራው የሚጠቅም ነገር ነው። ሁስና እንድታርፍ ነው። ሙዝደሊፋ ዛሬ ሳቀ። ሁስና "ለሁሉም ይስቃል" አለች፤ ቢሆንም ሳቀ።

ሚያዝያ 1፣ ሰኞ

ፋሲካ አለፈ። ሣህሌ ቅዳሜ በጭቃ ተለውሶ ገባ። ዶሮ ሠራሁ። እየበላን ሳለ፣ "ሠናይት፣ ትንሽ እንነጋገር?" አለኝ። ወጡ ይበርዳል አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ጡጦ አይቶ አነሣው፤ ለሥራ ነው አልኩት። መልሶ አስቀመጠው። ከነሐሴ ወዲህ ያልተከፈተችውን የትንሿን ክፍል ቁልፍ የት እንዳደረግሁት ጠየቀኝ፤ ምን ትፈልጋለህ ከዚያ፣ አልኩት። ምንም አለ። ዛሬ ጠዋት ሄደ።

ሰው ሁሉ "ገና ልጆች ናችሁ፣ ሌላ ትወልዳላችሁ" ይለናል። ስለዚያ ነገር እዚህ አልጽፍም።

ሚያዝያ 9፣ ማክሰኞ

የጋሽ ሻፊ እኅት ጠይባ ከዋጫ መጥታለች። ፈርጠም ያለች፣ ድምፅዋ ቤት የሚሞላ ሴት ናት። የራሷን ልጆች አሳድጋ ጨርሳለች። ሕፃኑን ወስጄ ላሳድገው፣ ሁስናም ትማር፣ ትላለች። ጋሽ ሻፊ ሱቅ ድረስ አስጠርተው፣ "እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ የልጆች ነገር ሥራዎ ነው። ምን ይሻላል?" አሉኝ።

አስረዳኋቸው። ሁስና እናቷን አጥታለች፤ አሁን ወንድሟን ብናርቅባት ሁለተኛ ሐዘን ይሆንባታል። ልጁ ነው አቁሞ የያዛት። እንዲህ ባለ ጊዜ የለመዱትን ነገር መቀየር ጥሩ አይደለም፤ የኮርሱ መጽሐፍም ይለዋል። በደንብ ነው ያስረዳኋቸው። ጠይባ ክንዷን አጣምራ ስትሰማኝ ቆየችና፣ "ልጅቷን ጠይቃችኋታል?" አለች። እኔ፣ "በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ውሳኔ ማሸከም ተገቢ አይደለም" አልኩ።

ጠይባ ነገ ብቻዋን ትመለሳለች። ትክክለኛው ምክር ነው። ሌላም ሰው ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚመክረው።

ሚያዝያ 18፣ ሐሙስ

መምህራን ማረፊያ በር ላይ ሳለሁ ከውስጥ፣ "ሠናይት የምትከታተለው ልጅቷን ነው ወይስ ሕፃኑን?" የሚል ሰማሁ። ብርቄ፣ "ተዋት እባክህ" አለችው። ብርቄ እንዲህ ስትል ከተናጋሪው ይልቅ እሷ አናደደችኝ። ምን ሆኜ ነው ተዋት የምባለው? ሻይ ሳልጠጣ ተመለስኩ።

ማታ ላይ ወደ ሱቁ ወረድኩ። ሁስና በሩን ከፈተችልኝና ልጁን አቀበለችኝ። ሳልጠይቃት።

"ደኅና ነሽ?" አልኳት።

"እሱን ለማየት አይደል የመጡት?"

በክፋት አልነበረም። እንደ ማንኛውም ነገር ነው የተናገረችው። ወደ ማጀት ገባች፤ ሰሐን ስታጥብ ይሰማኛል። ልጁ እንቅልፍ ያዘው። እኔም ቶሎ ወጣሁ።

ሚያዝያ 25፣ ሐሙስ

የሙከራ ፈተና ውጤት መጣ። ሁስና ከክፍሏ አንደኛ ነበረች፤ አሁን ከመጨረሻዎቹ ናት። ወደ ክፍሌም መምጣት ትታለች። ሌሎች ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ይተኛል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ወንድ ልጅ ኳሶቹን ሁሉ ነፍቶልኝ ሄደ። እሷ አትመጣም። መንገድ ላይ አግኝቼ ለምን ጠፋሽ ብላት፣ "ስተኛ ሕልም አያለሁ" አለችኝ።

ምን ዓይነት ሕልም ብዬ አልጠየቅኳትም። ደወል ተደውሎ ነበር።

ግንቦት 5፣ እሑድ

የትላንቱን መጻፍ አለብኝ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጋሽ ሻፊ ባዶ ራሳቸውን በዝናብ ሮጠው ቤቴ መጡ። "ሁስና እርስዎ ጋ ናት?" አሉ። የለችም። ልጁን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ ብላ ከወጣች ቆይቷል። ጃንጥላዬን አነሣሁና ወጣን። ትምህርት ቤት የለችም፤ የኔ ክፍል ተቆልፏል። የእናቷ መቃብር ጋ የለችም። ጋሽ ሻፊ የወንዙን አቅጣጫ ደጋግመው ያያሉ፤ እኔም አያለሁ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር።

በመጨረሻ መንገድ ዳር ቆጮ የምትሸጥ ሴት፣ "አንዲት ልጅ እዚህ መንገድ ላይ ስትመላለስ ዋለች። ስትሮጥ፣ ስትመለስ። የጠፋት ዕቃ ያለ መስሎኝ ነበር" አለችን።

አገኘናት። የአዋላጅ ነርሷ የሲስተር ሰብሌ በር ላይ ቆማለች። ከራሷ እስከ እግሯ ውኃ ነው።

"ሁስና" አሏት አባቷ።

"አባ፣ ከቤታችን ቅርብ ነው" አለቻቸው። ጥርሷ ይንገጫገጫል። "ደጋግሜ ሄጄ አየሁት። በሩጫማ ከሆነ ምንም አይደለም። ቅርብ ነው።"

ጋሽ ሻፊ አልገባቸውም። እኔ ግን ያኔ ገባኝ። ፍራሹ ላይ ተኝታ የጠየቀችኝ ጥያቄ ገባኝ። የመለስኩላትም መልስ።

"እማ ሲስተርን አትጥሪ አለችኝ" አለች። "ሰው በሌሊት አታስቸግሪ፤ ይነጋል፣ አባትሽም ይመጣል አለችኝ። እኔ እሺ አልኩ። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። እጇ ሲቀዘቅዝ በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ተቀመጥኩ አባ። ቅርብ ነበረ እኮ።"

ጋሽ ሻፊ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። እሷንም እጇን ስበው አጠገባቸው አስቀመጧት።

"ያን ቀን እኔ የት ነበርኩ?" አሏት።

"ሺሺንዳ።"

"ምን ልሠራ?"

"ቡና ልታስጭን።"

"ቡናው በቀን ተጭኖ አልቋል። መኪናው በዚያው ቀን ነበር የሚመለሰው። ደከመኝ፣ ልደር ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ቤት ጠግቤ በልቼ ተኛሁ። ይሄንን እስከ ዛሬ ለአንድ ሰው አልተናገርኩም። አንቺ እንዳታውቂ ነበር የምፈራው። ዓይንሽን ማየት የፈራሁት ለዚያ ነው።"

ሁስና አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየቻቸው ነበር የምትመስለው።

"እናትሽ ያዘዘችሽን እንቢ ብለሽ ታውቂ ነበር?" አሏት።

"አላውቅም።"

"እንግዲያውስ። እኔን ግን እደር ብሎ ያዘዘኝ ማንም የለም።"

ያኔ አለቀሰች። ከወራት በፊት መውጣት የነበረበት ልቅሶ ነው። ሲስተር ሰብሌ በጩኸቱ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ ጥቂት እንደሰማች ነገሩ ገባት። ሁስና ፊት ተንበርክካ፣ "ደርሼላት ቢሆን ትድን ነበር ወይ ብትዪኝ አላውቅም፤ አልዋሽሽም" አለቻት። "እንዲህ ያለ ደም ሆስፒታል ውስጥም አልቆም የሚለን ጊዜ አለ። ግን ልጄ፣ የዚያን ሌሊት ውሳኔ የትልቅ ሰው ነበር። አንቺ ልጅ ነበርሽ። ዛሬም ልጅ ነሽ።"

እኔ ጃንጥላ ይዤ ቆሜ ነበር። ለማንም አልዘረጋሁትም፤ በኋላ ነው ያየሁት።

ሰው ቶሎ እርዳታ ካገኘ ሊድን ይችላል አልኳት። ጥሩ ጥያቄ ነው ብዬ። ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር እንቅልፍ የመጣባት መስሎኝ ነበር።

ግንቦት 6፣ ሰኞ

ሱቁ ገና ሲከፈት ደረስኩ። ሙዝደሊፋ ከውስጥ ሲያለቅስ ይሰማል፤ አልገባሁም። "ጋሽ ሻፊ፣ እኅትዎን ይጥሯት። ያን ጊዜ የሰጠሁዎት ምክር ልክ አልነበረም" አልኳቸው።

ለምን እንደተሳሳትኩ አልጠየቁኝም። ሳሙና መደርደራቸውን አቁመው አዩኝና፣ "ልጁም እኮ እርስዎን ወዷል፤ እጅዎ ደግ ነው" አሉኝ። ያወቁ መሰለኝ። ምን እንዳወቁ አላውቅም።

ግንቦት 13፣ ሰኞ

ጠይባ ዓርብ መጣች። ልጁን ወዲያው አልወሰደችውም፤ ሁስና እንዳትወስጂብኝ ስትላት፣ "እሺ፣ እንግዲያው እኔ እዚህ እሆናለሁ" ብላ ጓዟን አራገፈች። ሌሊት የምትነሣው አሁን እሷ ናት። በቀጥታ ልጅቷን መጠየቅ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ሁስና ዛሬ ክፍሌ መጣች። ጋሽ ለገሰ ከቤታቸው አንሶላ አምጥተው ለፍራሹ ሰጥተውኛል፤ ለማንም እንዳትናገሪ ብለው። ሁስና አንሶላውን ነካ ነካ አደረገችው፤ ግን አልተኛችም። ስለ እናቷ አወራችኝ። ረውዳ ስትቆጣ እንዴት እንደምትስቅ። ጨርቅ ስትለካ እጇን ዘርግታ ለድሆች እንደምትጨምር። እኔ ምንም አልመከርኳትም። እያለቀሰች ሳቀች፤ ከዚያ "ሒሳብ አለኝ" ብላ ወጣች።

ግንቦት 23፣ ሐሙስ

ሁለተኛው የፈተና ቀን። ተራ በተራ ኮሪደር እንጠብቃለን። ጠዋት ሁስና ከፈተና ክፍል ወጣች፤ ከንፈሯ ነጥቷል። ፈታኙ ተከትሏት መጣ። "ውኃ ልጠጣ" አለች። ቧንቧው ጋ ሄደች፣ ጠጣች፣ አንገቷን አራሰች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ልሄድ አልኩና ቆም አልኩ። ትንሽ ቆይታ ራሷ ተመለሰች። ሻሿን አስተካክላ ገባች።

ስትጨርስ፣ "ሞላሁት ቲቸር። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም" አለችኝ። ጋሽ ለገሰ ከኋላዬ ቆመው ነበር ለካ። "የወደቀ የለም?" አሉኝ። የለም አልኳቸው። "ተመስገን" ብለው፣ መሀረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሰኔ 14፣ ሐሙስ

ዛሬ መናኸሪያ ሄጄ ሸኘኋቸው። ጠይባ ሕፃኑን ይዛ ዋጫ ትከርማለች፤ ሁስናም ክረምቱን እዚያው ልትሆን አብራ ሄደች። ራሷ ነች እሄዳለሁ ያለችው። ጋሽ ሻፊ አውቶቡሱ ላይ ወጥተው መቀመጫውን በእጃቸው እየጫኑ ይፈትሻሉ።

ጠይባ፣ "ያዢልኝማ፣ ዕቃ ላስጭን" ብላ ሙዝደሊፋን ሰጠችኝ። ያዝኩት። ከብዷል። ላየው ስላልፈለግሁ ሻንጣ የሚጭነውን ሰው አየሁ።

ሁስና አጠገቤ ቆማ ነበር። "ቲቸር፣ እርስዎ ሲከብድዎት ማን ጋ ነው የሚሄዱት?" አለችኝ።

"እኔ ደኅና ነኝ።"

"እኔም እንደሱ ነበር የምለው" አለች። በእርጋታ ነው ያለችው፤ ከዚያ ልጁን ተቀበለችኝና ወጣች። በመስኮት እጁን ይዛ አወዛወዘችልኝ።

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ መናኸሪያው ውስጥ ብዙ ቆምኩ። አንድ ረዳት፣ "እናት፣ የት ነሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። እናት ለሁሉም ሴት ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። ለነገ ጠዋት የደካ መኪና ከየት እንደሚነሣ ጠየቅሁት።

ሰኔ 17፣ እሑድ፣ ደካ

ሣህሌ የተከራየበትን ቤት ከዚህ በፊት መጥቼ አላየሁትም። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የእንሰት በሽታ የሚያሳይ የቢሮ ፖስተር። ዓርብ ማታ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ "ማን ሞተ?" ብሎ ነው። ማንም፣ ላይህ ነው የመጣሁት አልኩት። ሽሮ ሠራልኝ። ጨው በዝቶበታል፤ ሁሉንም በላሁት።

ትላንት ቀኑን ሙሉ ልነግረው የመጣሁት ነገር ከአፌ ሊወጣ እያለ ተመለሰ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በረንዳው ላይ ተቀመጥንና ጀመርኩ። አምና በነሐሴ እኔ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለሁ ልጃችንን ወስዶ የቀበራት እሱ ነው። የት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ዛሬ ጠየቅሁት። ነገረኝ። በጨርቅ ጠቅልሎ በጋቢው ውስጥ እንዴት እንደያዛት፣ አፈሩ እርጥብ እንደነበረ፣ ሲጨርስ ወደኔ ለመምጣት እግሩ እንቢ እንዳለው። "አንቺ ጋ ስገባ ፊትሽን አዙረሽ ነበር። የምትወቅሺኝ መሰለኝ" አለኝ።

"ራሴን ነበር" አልኩት። "ተሸክሜ ላቆያት ያልቻልኩት እኔ ነኝ ብዬ።"

እጄን ያዘኝ። እንዲህ ከተያየን ስንት ጊዜያችን ነው።

"ስም አውጥቼላት ነበር" አልኩት። "ለማንም አልተናገርኩም። ትንፋሽ ሳይኖራት ስም ማውጣት የእብድ ሥራ መስሎኝ።"

"ምን ብለሽ?"

"ትርሲት።"

ተነሥቶ ወደ ጓሮው ሄዶ ቆመ፤ ፊቱን በእጅጌው ሲጠርግ ከኋላው አየሁት። ተመልሶ ሲቀመጥ ድምፁ ተለውጧል።

"እኔ ደግሞ ስቀብራት ሐመልማል ብያት ነበር" አለኝ።

ሁለታችንም በስሟ ጮክ ብለን ጠራናት፤ መጀመሪያ እሱ እኔ ባወጣሁላት፣ ቀጥሎ እኔ እሱ ባወጣላት።